ባቡሩ ያድርበት የነበረ ጣቢያ፦ ስለ አዋሽ ለጠየቃችሁን

ባለፈው እትም በዚህ ዓምድ ስለ ለገሃር ሕንጻ ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመጡት ደብዳቤዎች የሚበዙት ግን የሚጠይቁት ስለ ለገሃር ሳይሆን ስለ አዋሽ ሰባት ነው። ደስ ብሎኛል። አባቴ በአዋሽ ጣቢያ ሐዲድ ቀያሪ ነበር፤ እኔም ያደግሁት በሠራተኞቹ ሰፈር፣ የባቡር ጡሩንባ እየሰማሁ ነው። ስለዚህ ዛሬ ዓምዱን በሙሉ ለአዋሽ ሰጥቼዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር በአውቶቡስ ወደ ድሬ ዳዋ ስንሄድ አዋሽ ላይ ለምሳ ቆምን። ከዋናው መንገድ ወረድ ብለን አሮጌውን ጣቢያ አየነው። አጠገቡ በአበባ የተሸፈነ፣ ሰፊ በረንዳ ያለው የፈረንሳይ ዓይነት ሆቴል አለ። በዚያ ሙቀት፣ በዚያች ትንሽ ከተማ እንዲህ ያለ ሆቴል ለምን ተሠራ? (ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ልጄ፣ መልሱ አጭር ነው፤ ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበር። የቀረው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ኢልግ ከፈረንሳዊው ሌዎን ሼፍኖ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ፤ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ከባድና ውድ ሆኖ ስለተገኘ ከተራራው ሥር ባለው ሜዳ እንዲያልፍ ተደረገ፤ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ሲደርስ ድሬ ዳዋ ተወለደች። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ አለቀ። ኩባንያው ከሰረ፣ ፈረንሳይና እንግሊዝ በመስመሩ ላይ ተፋጠጡ፣ ሥራው ለዓመታት ቆመ። እንደገና የተነሣው በ1900 ዓ.ም. ለዶክተር ቪታልየን አዲስ ፈቃድ ተሰጥቶ ሌላ ኩባንያ ሲቋቋም ነው። ቪታልየን ከጓድሉፕ የመጣ ሐኪም ሲሆን በቤተ መንግሥቱ የታመነ ሰው ነበር። አዲሱ ኩባንያ ከድሬ ዳዋ ወደ ምዕራብ ሐዲዱን ቀጠለ፤ አፍደምን፣ ሚኤሶን፣ አሰቦትን አልፎ አዋሽ ወንዝ ላይ ደረሰ፤ ገደሉን ተሻግሮ ወደ ደጋው ወጣ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

ጠቅላላው መንገድ 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። ያን ጊዜ የነበረው የእንፋሎት ባቡር ይህን ርቀት በሦስት ቀን ነበር የሚጨርሰው። ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬ ዳዋ ያድራል፤ በማግሥቱ ከድሬ ዳዋ ተነሥቶ አዋሽ ያድራል፤ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። በጨለማ መሄድ የሚያሰጋ ነበር። ዝናብ በጣለ ቁጥር ደረቁ ወንዝ በድንገት ሞልቶ የሐዲዱን መደብ ይጠርጋል፤ ከብትና ግመል ሐዲድ ላይ ይተኛል፤ አንድ ነገር ቢደርስ ደግሞ የሚቀጥለው ጣቢያ ሩቅ ነው። ስለዚህ መንገደኛው በሙሉ፣ ዲፕሎማቱም ነጋዴውም ወታደሩም፣ አንድ ሌሊት አዋሽ ላይ ማሳለፍ ነበረበት።

እንግዲህ አስቢው። ከወንዙ ገደል አጠገብ ካለው ከዚያ ሜዳ ላይ በዘመኑ ምንም አልነበረም። መንገደኛ የሚበላበትና የሚተኛበት ቤት ካልተሠራለት የት ይደር? «ቡፌ ደ አዋሽ» የተባለው ቤት የተሠራው ለዚህ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለው፣ በረንዳው ዙሪያውን የሚሄደው፣ ግድግዳው ነጭ የሆነው ሁሉ ለሙቀቱ ነው። ለረጅም ዘመን የያዙት ግሪኮች ነበሩ፤ በባቡሩ መስመር ላይ ሆቴልና ምግብ ቤት የከፈቱ ግሪኮች ብዙ ናቸው። አሁን ያየሽው የወረቀት አበባ ግድግዳውን ሸፍኖ ሲያብብ እንግዳ ሁሉ ቆሞ ያየዋል። ያማረ ሆቴል መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ለጌጥ የተሠራ ቤት አለመሆኑን እወቂልኝ። ምሽት ባቡሩ ሲቆም ድካም የተጫነው መንገደኛ ከፉርጎ ወርዶ በጥቂት እርምጃ የሚደርስበት ቤት ነው። ሆቴሉን ከሐዲዱ ለይተሽ ካየሽው ምንነቱ አይገባሽም።

ከተማዋም የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ባቡሩ ስላደረ ምግብ ሻጭ መጣ፤ ሻጭ ስለመጣ ገበያ ቆመ፤ ገበያው ስለቆመ አፋሩም ከረዩውም ከብቱንና ቅቤውን ይዞ ወደ ሐዲዱ ወጣ።

ጥያቄ፦ እኔ በድሬ ዳዋ ጡረታ የወጣሁ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነኝ። የዛሬ ልጆች ጣቢያ ማለት ትኬት የሚቆረጥበት መስኮት ብቻ ይመስላቸዋል። አዋሽን የሚያክል ጣቢያ ምን ምን እንደነበረው ቢጽፉልን መልካም ነው። (ከድሬ ዳዋ)

መልስ፦ ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎት። እርስዎ ከእኔ በላይ የሚያውቁትን ነገር ነው የጠየቁኝ፤ እኔ እንደ ልጅ ያየሁትን ልጻፍ፣ የጎደለውን ደግሞ ቀጣዩ ደብዳቤዎ ይሙላልን።

በመጀመሪያ ተጓዡ የሚያየው አለ። የትኬት መስኮቱ በባቡሩ ቀን ብቻ ይከፈታል፤ ከፊቱ የሚቆመው ሰው ግን ከንጋት ጀምሮ ቦታ ይዟል። ከመስኮቱ ቀጥሎ የጣቢያው ሹም ቢሮ ነው። ሹሙ በቃል የሚናገራቸው ነገሮች ሁሉ ከፈረንሳይኛ የመጡ ነበሩ፤ የምድር ባቡሩ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበረ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ወጣት እንኳ በጥቂት ወር ውስጥ ሪፖርት በፈረንሳይኛ መሙላት ይማር ነበር። አባቴ ትምህርት ቤት የገባ ሰው አልነበረም፤ የባቡሩን ፈረንሳይኛ ግን አሳምሮ ይናገር ነበር።

ከዚያ ተጓዡ የማያየው አለ፤ ጣቢያውን ጣቢያ የሚያደርገውም እርሱ ነው። መስመሩ ነጠላ ሐዲድ ነበር። ሁለት ባቡር ፊት ለፊት ሲመጣ የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው አዋሽ ላይ ሐዲዱ ወደ ብዙ ቅርንጫፍ የሚከፈለው። ከአዲስ አበባ የሚወርደው ዕቃ ጫኝ ገብቶ ይቆማል፣ ከድሬ ዳዋ የሚመጣው ያልፋል፣ ከዚያ የቆመው ይለቀቃል። ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚጠብቅ የሚወሰነው ጣቢያ ከጣቢያ በሚላላከው መልእክት ነበር። መጀመሪያ በቴሌግራፍ፣ ኋላም በስልክ። «መስመሩ ነጻ ነው» የሚል ቃል ከመተሐራ ሳይመጣ ከአዋሽ ወደ መተሐራ ባቡር አይለቀቅም። ስልኩ ሲደወል በሠራተኞቹ ሰፈር ያሉ እናቶች እንኳ ድስታቸውን ትተው ያዳምጡ ነበር፤ ባሎቻቸው የሚገቡበትን ሰዓት የሚነግራቸው እርሱ ነውና።

የአባቴ ሥራ በዚያ ቅርንጫፍ ላይ ነበር። ከባዱን የብረት ዘንግ ገፍቶ ሐዲዱን ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ይቀይራል፣ ይቆልፋል፣ ከዚያ ቀን በባንዲራ፣ ማታ በፋኖስ ምልክት ያሳያል። በቆላ ፀሐይ የዋለ ብረት እጅ ያቃጥላል። ጨርቅ ጠምጥሞ ነበር የሚይዘው። ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ውሃ ነው፤ ከጠጣ በኋላም ለብዙ ጊዜ አይናገርም፣ ጆሮው ገና ሐዲዱ ላይ ነው።

ውሃም የጣቢያው ዋና ነገር ነበር። የእንፋሎት ባቡር ያለ ውሃ አይንቀሳቀስም፤ በቆላው ደግሞ ውሃ እንደ ልብ አይገኝም። በ1940ዎቹ በናፍጣ የሚሠሩ ባቡሮች መምጣት ሲጀምሩ ይህ ጭንቀት እየቀለለ ሄደ። ከዚያ በፊት በኢጣሊያ ዘመን «ሊትሪና» የምንላት ቀላልና ፈጣን ተሳፋሪ ባቡር መጥታ ነበርና ጉዞው በብዙ አጠረ። ባቡሩ ሌሊትም መጓዝ ሲጀምር ደግሞ አዋሽ ማደር ቀረ፤ ያን ጊዜ ጣቢያው የማደሪያ ሳይሆን የመመገቢያ ጣቢያ ሆነ። ባቡሩ ገብቶ እስኪነሣ ድረስ የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ብርቱካን፣ የግመል ወተት፣ አፋር ሴቶች የሠሩት የሰሌን ምንጣፍ በመስኮት ይሸጣል። ገንዘብና ዕቃ በመስኮት ሲቀባበሉ ባቡሩ ቢነሣ እንኳ ሻጩ እየሮጠ መልስ ይሰጣል። ይህን በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ሳይመልስ የቀረ ሰው በሚቀጥለው ባቡር ስሙ ይነሣበት ነበር።

መጋዘኑን ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። ወደ ደጋው የሚወጣው ጨርቃ ጨርቅ፣ ጨውና ነዳጅ፣ ወደ ወደቡ የሚወርደው ቡናና ቆዳ ሁሉ በዚህ መስመር ነው የተጓዘው። ከአዋሽ ራሱ ደግሞ ከብት ይጫን ነበር። የታኅሣሥና የሐምሌ ገብርኤል ሲደርስ የቁልቢ ተጓዥ ባቡሩን ይሞላዋል፤ በነዚያ ቀናት ጣቢያው ላይ ነጠላ ብቻ ነበር የሚታየው። አሰቦት ገዳም የሚወርዱትም በዚያው ባቡር ነበር።

ጥያቄ፦ የወንዙ ድልድይ በጦርነት ፈርሶ ነበር ይባላል። እውነት ነው? (መምህር፣ ከመተሐራ)

መልስ፦ እውነት ነው። ኢጣሊያኖች በ1933 ዓ.ም. ከምሥራቅ የገፋውን የእንግሊዝ ጦር ለማዘግየት ሲያፈገፍጉ የአዋሽን ድልድዮች አፈረሱ። አልጠቀማቸውም። ጦሩ በመጋቢት መጨረሻ ወንዙን ተሻገረና መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ገባ።

እርስዎ መምህር ስለሆኑ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለተማሪዎችዎ ይጠቅማል። ከዚያ አምስት ዓመት ቀድሞ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ ሐዲድ ነው። ንጉሠ ነገሥቱን የጫነው ባቡር በአዋሽ ድልድይ ላይ አልፎ ወደ ጅቡቲ ወረደ። ከዚያም ቀድሞ በ1926 ዓ.ም. ወጣቱ እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር የአዋሽ ወንዝ የት ገብቶ እንደሚቀር ለማየት ግመሎቹን ጭኖ የተነሣው ከአዋሽ ጣቢያ ነው። ወንዙ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ እንደሚያበቃ አየና በአፋር ምድር አቋርጦ ታጁራ ወጣ። መንገዱን ያሳዩትና በሕይወት ያደረሱት የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ በካርታ ላይ ግን የእነርሱ ስም አልተጻፈም። ይህንንም ለልጆቹ ይንገሩልኝ።

እናንተ ጋ መተሐራ ላይ ደግሞ ሐዲዱ ሌላ ጠላት ነበረው፤ በሰቃ ሐይቅ። ከግማሽ ክፍለ ዘመን በላይ እየሰፋ መጥቶ ከሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከአርባ በላይ ሆኗል። የባቡሩንም የመኪናውንም መንገድ ደጋግሞ በድንጋይና በአፈር ማንሣት አስፈልጓል። ድልድይ በአንድ ቀን ይፈርሳል፣ በዓመትም ይጠገናል፤ ከሐይቅ ጋር ግን ማብቂያ የሌለው ግብግብ ነው።

ጥያቄ፦ አጎቴ በ1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ በደረሰው የባቡር አደጋ ሞተ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ስለዚያ ቀን መስማት አትፈልግም ነበር። አሁን ልጆቼ ይጠይቁኛል። የሚታወቀውን ይጻፉልኝ። (ከዋሽንግተን)

መልስ፦ እኅቴ፣ ነፍስ ይማር። ልጆችሽ መጠየቃቸው ደግ ነው።

ዕለቱ እሑድ፣ ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. ነበር። ኤክስፕረሱ ከድሬ ዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይሄድ ነበር፤ አንድ ሺህ ያህል ሰው አሳፍሯል። አዋሽ አጠገብ፣ በገደል ላይ ካለው ድልድይ ዘንድ ሐዲዱ ይጠመዘዛል። በዚያ ጊዜ እንደተገለጸው ባቡሩ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ወደ ኩርባው ገባ፤ ተሳፋሪ የጫኑት ፉርጎዎች ከሐዲድ ወጥተው ወደ ገደሉ ወደቁ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ቆሰሉ። በአፍሪካ ምድር እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ያለ የባቡር አደጋ አልታየም።

ያ ዓመት የረኃቡ ዓመት ነበር። የዓለም ዓይን በሙሉ ወሎና ትግራይ ላይ ነበር፤ በአገር ውስጥም ሐዘኑ በሐዘን ላይ ተደረበ፤ ስለዚህ የአዋሽ አደጋ የሚገባውን ያህል ሳይነገር ቀረ። ይህ ለእኔ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ነገር ነው። በከተማዋ ያሉ አዛውንቶች ግን ያስታውሳሉ። የአዋሽ ሰው ጋቢውንና አንሶላውን ይዞ ወደ ገደሉ ወረደ፤ አልጋ ያለው አልጋውን ለቃሬዛ ሰጠ፤ መኪና ያለው ቁስለኛ ጫነ። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌው አብሮ አለቀሰ። እናቴ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ጥር በገባ በአምስተኛው ቀን ቡና አፍልታ፣ ዳቦ ቆርሳ የማታውቃቸውን ሙታን ታስብ ነበር።

እኅቴ፣ ልጆችሽን ይዘሽ ከመጣሽ አዋሽ ላይ የጡረተኞቹን ሰፈር ጠይቂ። ቦታውን ይዞሽ የሚሄድ ሰው አይጠፋም። ብቻሽን አትሂጂ፤ ገደሉ ጥልቅ ነው፣ ድንጋዩም ይንሸራተታል።

ጥያቄ፦ አዲሱ ባቡር የሚቆመው በዚሁ አሮጌ ጣቢያ ነው? (ከጂግጂጋ)

መልስ፦ አይደለም። አዲሱ መስመር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 መደበኛ ሥራ ጀመረ። ሐዲዱ ሰፋ ያለ ነው፤ የአሮጌው በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ሲሆን የአዲሱ 1.435 ሜትር ነው፤ ስለዚህ አንዱ ባቡር በሌላው ሐዲድ መሄድ አይችልም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። አዲሱ የአዋሽ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ የተሠራ ሌላ ትልቅ ሕንጻ ነው። በአዲስ አበባ በኩል የሚሳፈሩትም ለገሃር ሳይሆን ለቡ ነው። ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት የያዙት ባቡር አዋሽ ላይ መቆሙን ያረጋግጡ፤ ተሳፋሪ ባቡር ሁሉ በየጣቢያው አይቆምም።

ከአዋሽ ወደ ሰሜን፣ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልዲያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርስ ሌላ መስመርም አለ። 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በቱርክ ተቋራጭ ሥራው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር ዓመታት አለፉ፣ በሰሜኑ ጦርነትም ጉዳት ደርሶበታል። ያ መስመር የሚሠራ ቀን አዋሽ የሁለት መስመር መገናኛ ትሆናለች። እኔ ያን ቀን በጉጉት እጠብቃለሁ።

ጥያቄ፦ ልጆቼን ይዤ አሮጌውን ጣቢያ ለማየት ብሄድ መቼና እንዴት ይሻላል? (አባት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ይሂዱ። ከመጋቢት ጀምሮ ሙቀቱ ለልጅ አይመችም። ከአዳማ በማለዳ ከተነሡ ፀሐይ ሳይከር ይደርሳሉ። ሰኞ ቢሆን ደግሞ ገበያ ነው፤ ልጆቹ ከረዩና አፋር ከብታቸውን ሲገበያዩ ያያሉ። ሰው ፎቶ ከማንሣትዎ በፊት ግን ይጠይቁ።

ውሃ በብዛት ይያዙ። በሆቴሉ ማደር ካሰቡ አስቀድመው ደውለው ክፍል መኖሩን ይጠይቁ። በሐዲዱ ላይ ሲሄዱ ልጆቹ የሐዲድ መቀየሪያውን ዘንግ ይፈልጉና ሐዲዱ የት እንደሚከፈል ያሳዩዋቸው፤ ነጠላ መስመር ላይ ሁለት ባቡር እንዴት እንደሚተላለፍ በእግራቸው ሄደው ይማሩታል። ከጀርባ በኩል ወደ ወንዙ ገደል ዳር ወጥተው ቁልቁል ይዩ፤ እጃቸውን ግን ይያዙ። ድልድዮቹ በጥበቃ ሥር ስለሆኑ ካሜራ ከማውጣትዎ በፊት ጠባቂዎቹን ያነጋግሩ። ጊዜ ከተረፈዎት በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ቅርብ ነው። በልጅነቴ በሊትሪና መስኮት ሳላ ሲሮጥ እናይ ነበር፤ ዛሬ ለማየት ፓርኩ ውስጥ መግባት ይሻላል።

ጥያቄ፦ አሮጌው ሐዲድ ዝም ብሎ ዝጓል። ብረቱ ተሽጦ መሬቱ ለቤትና ለመንገድ ቢውል አይሻልም? ሕንጻውን ማስጠበቅ አይበቃም? (ከአዋሽ ሰባት)

መልስ፦ አይበቃም። ይህን የጠየቅኸኝ የከተማዬ ልጅ ስለሆንህ ደስ ይለኛል፤ መልሴንም ሳላለዝብ እሰጥሃለሁ።

ቤት የሚሠራበት መሬት መፈለግህን አልነቅፍም። ከተማችን ወጣቱ በዝቶባታል። ግን ከጣቢያው ፊት ያለው ሐዲድ ስንት መሬት ይዟል? እርሱን ብታነሣው ምን ይቀራል? ከፊቱ መንገድ የሌለው የትኬት መስኮት፣ ማንም የማይወርድበት በረንዳ፣ ለምን እዚያ እንደተሠራ ለልጅ ማስረዳት የማይቻል ሆቴል። የመጀመሪያዋ ጠያቂያችን ሆቴሉን አይታ «ለምን?» አለች። ሐዲዱ ባይኖር ኖሮ ጥያቄውም አይመጣላትም ነበር፤ ያማረ ቤት አይታ ታልፍ ነበር።

በብዙ ቦታ ሐዲዱ ተነቅሏል፣ መንገድ ወጥቶበታል፣ ለብረት ተሽጧል። ይህ የሚያሳዝን ቢሆንም 784 ኪሎ ሜትር ሙሉ ይጠበቅ ብዬ አልጠይቅም። ምድር ባቡሩ ራሱ ብዙ ባለቤት ተፈራርቆበታል፤ በ1952 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ፈረንሳይ እኩል ባለድርሻ ሆኑ፣ ጅቡቲ ነጻ ከወጣች በኋላ በ1973 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች ድርጅት ሆነ። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ተቆርጦ እንደገና ተቀጥሏል። ኋላም ሐዲዱ አርጅቶ፣ መለዋወጫ ጠፍቶ፣ ከአዲስ አበባ የሚወጣው ባቡር መጀመሪያ ቆመ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሐዲዱን በእጃቸው የጠገኑ፣ ባቡሩን ያለ መለዋወጫ ያስነሡ ሠራተኞች ነበሩ። ልጆቻቸው ዛሬም በአዋሽ ይኖራሉ፤ ከእነርሱ አንዷ እኔ ነኝ።

ድሬ ዳዋን እይ። ጣቢያዋንና የጥገና ክፍሏን ከእነ ሐዲዱ፣ ከእነ አሮጌ ባቡሩ አቆይታለች፤ ጎብኚ ይገባል፣ ጡረተኞቹም ያስረዳሉ። አዋሽ የድሬን ያህል ሰፊ ግቢ አያስፈልጋትም። ከትኬት መስኮቱ እስከ ሆቴሉ በረንዳ ያለው ሐዲድ ከእነ መቀየሪያዎቹ ይቆይ፣ በላዩ ላይ አንድ ተሳፋሪ ፉርጎ ይቁም፣ የመጋዘኑ ጣሪያ ይጠገን። የጥር 5 ሟቾች ስም የሚጻፍበት ድንጋይም በዚያው ግቢ ይተከል። የከተማው አስተዳደር ይህን በማስተር ፕላኑ ላይ እንዲያሰፍር የሚጠይቅ ማመልከቻ አዘጋጅቻለሁ፤ መፈረም የምትፈልግ ከሆነ በዝግጅት ክፍሉ አድራሻ ጻፍልኝ፣ እልክልሃለሁ። የቤት ቦታ ጥያቄህንም በዚያው ማመልከቻ ላይ ብናክልበት እስማማለሁ፤ ከሐዲዱ በስተ ሰሜን ማንም ያልያዘው ሰፊ ሜዳ አለ።